በቬትናም «ዶናት ዶሊ» የነበሩ ሴት ለምን እንደ ዘማች አይቆጠሩም?

ጥያቄ፦ «በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ አረጋውያንን በመንከባከብ የምሠራ ኢትዮጵያዊት ነኝ። ከምንከባከባቸው መካከል አንዲት የ78 ዓመት እናት አሉ። መኝታ ክፍላቸው ውስጥ በወጣትነታቸው ከወታደሮች ጋር የተነሡት ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። የለበሱት ሰማያዊ ቀሚስ የወታደርም የነርስም አይመስልም። ቬትናም እንደነበሩና ‹ዶናት ዶሊ› ይባሉ እንደነበር ከነገሩኝ በኋላ ‹እኛማ ምን ሠራን፣ ተጫወትን እንጂ› ብለው ወሬውን ዘጉት። ባለፈው የዘማቾች ቀን ድርጅታችን ለቀድሞ ወታደሮች ትንንሽ ባንዲራ ሲያድል እሳቸውን ዘለላቸው። ጎረቤታቸው ያሉት አዛውንት ደግሞ ‹ቀይ መስቀል ማለት ለአባቴ ዶናት የሸጠ ድርጅት ነው› እያሉ ያሾፋሉ። ለመሆኑ ዶናት ማደል የጦርነት አገልግሎት ይባላል? ለምንስ አልተቆጠሩም? ስለዚያ ጊዜ ብጠይቃቸው አስከፋቸው ይሆን?»

ምላሽ፦

ፎቶግራፉን ባላየውም ቀሚሱ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ፣ ሸንተረር ያለው ስስ ጥጥ ከሆነና ደረቱ ላይ የቀይ መስቀል ምልክት ካለበት እናታችን የነገሩዎት ሁሉ እውነት ነው። ያ ልብስ የአሜሪካ ቀይ መስቀል ከ1965 እስከ 1972 ወደ ቬትናም የላካቸው 627 ወጣት ሴቶች የደንብ ልብስ ነበር። (ዓመታቱንም ወሮቹንና ቀኖቹንም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።) የአገልግሎቱ መጠሪያ ወደ አማርኛ ሲመለስ «በባሕር ማዶ የሚሰጥ ተጨማሪ የመዝናኛ አገልግሎት» ይሆናል፤ ይህን ስም ወታደር አይጠራውም። ስለዚህ «ዶናት ዶሊ» አሏቸው። በእኛ አገር አፍ ብንተረጉመው «የቦምቦሊኖ አሻንጉሊት» እንደ ማለት ነው። አንዳንዶቹ ስሙን ወደውት ኖረዋል፣ ሌሎቹ እስከ ዛሬ ያማቸዋል።

የሚገርመው ግን እናታችን ቬትናም ውስጥ ዶናት አድለው ላያውቁ ይችላሉ። ያ ሙቀት ዶናት አይችልም፤ ይዘው የሚዞሩት በአብዛኛው ቀዝቃዛ መጠጥ ነበር። ስሙን የወረሱት ከእናቶቻቸውና ከአያቶቻቸው ትውልድ ነው። እሱን ባጭሩ ልንገርዎት፤ የጎረቤትዎ አዛውንት ቂም የተወለደው እዚያ ነውና።

መነሻው ፈረንሳይ፣ 1917 ነው። ሳልቬሽን አርሚ የተባለው የክርስቲያን በጎ አድራጎት ድርጅት ወደ ግንባሩ አካባቢ ከላካቸው ሴቶች ሁለቱ፣ ሄለን ፐርቪያንስና ማርጋሬት ሼልደን፣ ሞንቲዬ በተባለች መንደር ዝናብ የሰለቸውን ጦር ምን እናቅምሰው ብለው ሲጨነቁ እጃቸው ላይ የነበረው ዱቄት፣ ስኳርና ስብ ብቻ ነበር። ሊጡን በጠርሙስ እየዳመጡ፣ በአንዲት ትንሽ መጥበሻ ሰባት ሰባት እየጠበሱ በመጀመሪያው ቀን 150 ያህል አወጡ። ወሬው በጦሩ ውስጥ ተዛመተ። አሜሪካ ውስጥ በየዓመቱ በሰኔ የመጀመሪያ ዓርብ የሚከበረው የዶናት ቀን መነሻው የእነዚህ ሴቶች መታሰቢያ ነው፤ በ1938 ቺካጎ ላይ ተጀመረ። ዛሬ በየሱቁ ነጻ ዶናት ለመቀበል ከሚሰለፈው ሰው ስንቱ ይህን እንደሚያውቅ እንጃ።

በዚያው ጦርነት ፈረንሳይ ውስጥ ከ150 ሺህ በላይ ጥቁር አሜሪካውያን ወታደሮች ነበሩ። ወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር፣ እኛ ወወክማ የምንለው ድርጅት፣ ለእነሱ የመደባቸው ጥቁር ሴቶች ግን ለረጅም ጊዜ ሦስት ብቻ ነበሩ፦ አዲ ሃንተን፣ ካትሪን ጆንሰንና ሄለን ከርቲስ። ጥቁሩ ወታደር በየወደቡ መርከብ ያራግፋል፣ መንገድ ይሠራል፣ ሬሳ ይቀብራል፤ የነጮቹ መዝናኛ በር ላይ ሲደርስ ይመለሳል። ሦስቱ ሴቶች ማንበብና መጻፍ ያስተምሩት ነበር፣ ደብዳቤ ይጽፉለት ነበር። እነሱን ሳያነሱ ስለ ዶናቱ ብቻ ማውራት ታሪኩን ማጣፈጥ ይሆናል።

ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስንመጣ ነገሩ ተደራጀ። በ1942 መጨረሻ በብሪታንያ የአሜሪካ ቀይ መስቀል ኃላፊ የነበረው ሃርቪ ጊብሰን፣ የኒው ዮርክ የባንክ ሰው ነው፣ ወታደሩ ወደ ክበብ መምጣት ካልቻለ ክበቡ ወደ ወታደሩ ይሂድ አለ። የለንደን አውቶቡሶች ወደ ወጥ ቤትነት ተለወጡ፤ የዶናት ማሽን፣ የቡና ማፍያ፣ የሸክላ ማጫወቻና የድምፅ ማጉያ ተገጠመላቸው። ክለብሞቢል ተባሉ፤ እያንዳንዳቸውም የአንድ አሜሪካ ግዛት ወይም ከተማ ስም ይዘው ይዞሩ ነበር። የፈረንሳይ የባሕር ጠረፍ የሆነው ኖርማንዲ ከተያዘ በኋላ በሐምሌ 1944 ሴቶቹ ባሕሩን ተሻግረው ጦሩን ተከተሉ። አሁን ደግሞ አውቶቡሱ ቀርቶ ሁለት ተኩል ቶን የሚጭን የጦር መኪና ሆነ፤ መሪውን የያዙት፣ ጎማውን የቀየሩት፣ ጭቃውን የገፉት ራሳቸው ሴቶቹ ናቸው። ምልመላው ቀልድ አልነበረም፤ ዕድሜ ከ25 እስከ 35፣ የኮሌጅ ትምህርት፣ የሥራ ልምድ፣ የምስክር ደብዳቤና የፊት ለፊት ቃለ መጠይቅ ይጠየቅ ነበር። ዶናት ለመጥበስ የኮሌጅ ዲግሪ ምን ያደርጋል ብለው ካሰቡ ትክክል አስበዋል። ለመጥበሱ አልነበረማ።

አሁን የአዛውንቱን ነገር እንየው። አባታቸው ሳይከፍሉ አልቀሩም፤ ውሸት አይደለም። ነገሩ እንዲህ ነበር። አሜሪካዊው ወታደር ከእንግሊዛዊው ባልንጀራው እጅግ የበለጠ ደመወዝ ነበረው። እንግሊዛዊው በራሱ ክበብ ለሻይና ለአልጋ ይከፍላል። አሜሪካዊው በነጻ ቢበላና ቢተኛ በሁለቱ ጦሮች መካከል ቅሬታ ይነሣል ተብሎ ተፈራ። ስለዚህ በ1942 የጦር ሚኒስትሩ ሄንሪ ስቲምሰን ቀይ መስቀል በከተማ ክበቦቹ ለምግብና ለማደሪያ እንዲያስከፍል በደብዳቤ ጠየቁ። ቀይ መስቀል አልወደደውም፤ ተቃውሞ ነበር፣ ኋላ ግን እሺ አለ። ክፍያው ዝቅተኛ ቢሆንም ወታደሩ ያየው ሳንቲም የምትቀበለዋን ልጅ እንጂ የሚኒስትሩን ደብዳቤ አልነበረም። ቂሙ ከአባት ወደ ልጅ ተላልፎ ሰማንያ ዓመት ሆነው፤ እርስዎ ጋ ደግሞ ሜሪላንድ ላይ ደረሰ። ከክለብሞቢሉ የሚታደለው ቡናና ዶናት ግን በነጻ ነበር። ይህን ለአዛውንቱ በቀስታ ቢነግሯቸው ደስ ይለኛል፤ እንደማያምኑዎት ግን ከአሁኑ ይወቁት።

ከኮሪያው ጦርነት ተኩስ ማቆም በኋላ፣ በ1953፣ አገልግሎቱ እንደገና ተጠራ። የእኛ ቃኘው ሻለቃዎች ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተመድበው የተዋጉበት አገር ነው። ተኩሱ ከቆመ በኋላ ወታደሩን የሚበላው ሥራ መፍታትና ናፍቆት ነው፤ የጦር አዛዦች ይህን ከጠላት እኩል ይፈሩታል። ሴቶቹ እስከ 1973 እዚያ ቆዩ። ቬትናም የደረሰው ይኸው የኮሪያው አሠራር ነው።

የቬትናሞቹ ከእናቶቻቸው ትውልድ ያነሱ ልጆች ነበሩ፤ ሲቀጠሩ ከ21 እስከ 24 ዓመት፣ ያላገቡ፣ ኮሌጅ የጨረሱ። ዋሽንግተን ላይ ሁለት ሳምንት ሥልጠና ወስደው ለአንድ ዓመት ይላካሉ። ሁለት ሳምንት! ጠመንጃ የያዘውን ልጅ ስንት ወር እንዳሠለጠኑት ያስቡና የእሷን ያነጻጽሩ። በ1969፣ አገልግሎቱ በተስፋፋበት ጊዜ፣ 110 ያህል ሴቶች በ17 ምድቦች ተከፋፍለው ነበር፤ ዳ ናንግ፣ ቹ ላይ፣ አን ኬ፣ ካም ራን፣ ፕሌይኩ፣ ኩ ቺ፣ ላይ ኬ፣ ሎንግ ቢን የመሳሰሉ ቦታዎች። እነዚህን ስሞች ያስታውሷቸው፤ በኋላ ይጠቅሙዎታል።

ሥራው ሁለት መልክ ነበረው። በትልልቅ የጦር ሰፈሮች የመዝናኛ ማዕከል ያስተዳድራሉ፤ ቢሊያርድ፣ ካርታ፣ መጽሐፍ፣ ቡና። ሁለተኛው ግን ስማቸውን ያስጠራው ነው፦ ሁለት ሁለት እየሆኑ በሄሊኮፕተር ወይም በጂፕ ወደ መድፈኛ ሰፈሮች፣ በጫካ መካከል ወደ ተመነጠሩ ኮረብቶች ይሄዳሉ። በሸራ ቦርሳ የያዙት በእጃቸው የሠሩትን የካርቶን ጨዋታ ነው። ማታ ማታ በቀለምና በመቀስ ያዘጋጁታል፣ ቴሌቪዥን ላይ እንደሚታየው የጥያቄና መልስ ውድድር፤ ስለ መኪና፣ ስለ ቤዝቦል፣ ስለ ዘፈን፣ ስለየግዛቱ። ወታደሮቹን ለሁለት ከፍለው ያወዳድራሉ። አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከዚያ ሌላ ኮረብታ፣ ከዚያ ሌላ። ሌሊት እዚያ ማደር ክልክል ስለሆነ ሳይጨልም ወደ ሰፈር ይመለሳሉ። በሰባቱ ዓመታት በመኪናና በአየር የተጓዙት ተደምሮ ከ3 ሚሊዮን ኪሎሜትር በላይ እንደሆነ ቀይ መስቀል አስልቷል።

ይህን ሳነብ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ የእኛው እንቆቅልሽ ነው። «እንቆቅልሽ» «ምን አውቅልህ» ተባብለን መልሱ ሲጠፋን «አገር ስጠኝ» እንባላለን፤ ጎንደርን እንሰጣለን፣ ሐረርን እንሰጣለን፣ ጠያቂውም «ጎንደር ሄጄ ምን አጥቼ» ብሎ ይኩራራብናል። የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ የካንሳስ ልጅ በዚያ ኮረብታ ላይ በካርቶን ጨዋታ የሚሰጠውና የሚቀበለውም አገር ነበር። የካንሳስ ዋና ከተማ ማን ናት ሲባል ዘሎ ሲነሣ ለዚያች ደቂቃ ቤቱ ነው። ሴቶቹን መጀመሪያ የሚጠይቃቸውም «ከየት ነሽ?» ብሎ ነው።

ጨዋታው እንግዲህ ሰበብ ነበር፤ እንደ ዶናቱ ሁሉ። የሴቶቹ እውነተኛ ሥራ ለመጻፍ የሚያስቸግረው ነው፦ መታየት፣ መስማትና የራስን ፊት መግዛት። ከሽቱአቸው ሽታ ጀምሮ እስከ ንጹሕ ቀሚሳቸው ድረስ የሚጠበቅባቸው አገር ቤትን መምሰል ነው። ላብና ጭቃ ባለበት ቦታ ደርቆና ተተኩሶ መገኘት ራሱ ሥራ ነው። ሆስፒታል ገብተው የተቃጠለ፣ እግሩ የተቆረጠ ልጅ አልጋ አጠገብ ሲቀመጡ ፊታቸው ላይ ምንም መታየት የለበትም፤ ልጁ የራሱን መልክ የሚያየው በእሷ ዓይን ነውና። ባለፈው ሳምንት ጨዋታ ያሸነፈው ቡድን ዘንድ ሲመለሱ ሰዎች ጎድለው ያገኛሉ። የት ሄዱ ብሎ መጠየቅ እንደማያስፈልግ ይማራሉ። ከተመለሱት ሴቶች ብዙዎቹ በኋላ በትዝታቸው ደጋግመው የሚያነሡት ይህንን ነው፦ ማልቀስ የሚቻለው ሄሊኮፕተሩ ላይ ወይም መኝታ ክፍል ውስጥ ብቻ ነበር፤ ኮረብታው ላይ ፈገግታ ግዴታ ነው።

ስለዚህ እናታችን «ተጫወትን እንጂ ምን ሠራን» ሲሉ ትሕትና ብቻ አይመስለኝም። ሥራቸው ሥራ እንዳይመስል ሆኖ የታቀደ ነው። ወታደሩ «ይህች ልጅ ሥራዋ ስለሆነ ነው የምትስቅልኝ» ብሎ ካሰበ ከንቱ ሆነ። ጥሩ የሠራችው የሠራች የማትመስለው ናት። የጦር አዛዥ ደግሞ የሚቆጥረው የተተኮሰ ጥይት፣ የተያዘ ኮረብታ፣ የታከመ ቁስለኛ ነው። በአንድ ከሰዓት በኋላ ራሱን ያላጠፋ፣ ጓደኛውን ያልደበደበ፣ ለእናቱ ደብዳቤ የጻፈ ወታደር በየትኛውም ሪፖርት አይገባም። አጥኚዎችም ብንሆን ለረጅም ጊዜ ዘለናቸዋል፤ እኔ ራሴ በወጣትነቴ ስለ ቬትናም ባስተማርኩባቸው ዓመታት አንድ ጊዜ እንኳ ስማቸውን አላነሣሁም። የእኛም ታሪክ ከዚህ ሐሜት አይድንም። አድዋ ላይ በእቴጌ ጣይቱ ትእዛዝ በእሳቱ መካከል ውሃ ለተዋጊው ያመላለሱትን ሴቶች ስም ዝርዝር ማን ጻፈው? በ1935 የኢትዮጵያ ሴቶች የበጎ አድራጎት ማኅበር ለዘማቹ ፋሻና የመርዝ ጋዝ መከላከያ ጭምብል ሲያዘጋጅ መርፌ የያዙት እጆች የማን ነበሩ?

ይህ ሁሉ ፈገግታ ብቻ እንዳይመስልዎት። ሰፈሮቹ በሮኬትና በሞርታር ይመቱ ነበር፤ ሴቶቹም እንደማንኛውም ሰው ምሽግ ውስጥ አድረዋል። ሌላው ቁስል ስማቸው ነው። አንዳንድ ወታደሮች ገላቸውን ይሸጣሉ ብለው ያወሩባቸው ነበር፤ ዋጋውን ሳይቀር የሚጠሩ ነበሩ። ለዚያ ወሬ የሚከፈለው ዋጋ በየቀኑ በየሰልፉ ፊት የሚከፈል ነበር፤ ሰምተው እንዳልሰሙ መሳቅ ነበረባቸው። ከ627ቱ ሦስቱ ቬትናም ላይ ሕይወታቸው አልፏል። አንዷ በጂፕ አደጋ፣ አንዷ በሕመም፤ ሦስተኛዋ በነሐሴ 1970 ኩ ቺ በሚገኘው የጦር ሰፈር መኝታ ክፍሏ ውስጥ በስለት ተገደለች። አገሩን ከረገጠች ሁለት ሳምንት ያህል ብቻ ሆኗት ነበር። በግድያው የተፈረደበት ሰው የለም። እናታችን በዚያ ዓመት አካባቢ እዚያ ከነበሩ ይህን ያውቁታል፤ እርስዎ ግን እሳቸው ሳያነሡት አያንሡት።

አሁን ለምን አልተቆጠሩም ወደሚለው። መልሱ ሕጋዊ ነው፣ ደረቅ ነው፣ ግን ግልጽ ነው። የአሜሪካ ቀይ መስቀል ከኮንግረስ በተሰጠው ቻርተር ለጦሩ አገልግሎት የመስጠት ኃላፊነት አለበት፤ ሠራተኞቹ ግን ሲቪል ናቸው። በጦሩ መኪና ይሄዳሉ፣ በጦሩ ሰፈር ያድራሉ፣ የመኮንን ያህል ይስተናገዳሉ፤ ነገር ግን መሐላ አልፈጸሙም፣ ማዕረግ የላቸውም። ስለዚህ የዘማቾች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሆስፒታል፣ ጡረታና የመቃብር ክብር አይመለከታቸውም። የጫካውን ቅጠል ለማርገፍ በተረጨው ኬሚካል ምክንያት ታመምን የሚሉ የቀድሞ ወታደሮች የሚያገኙት ካሳም አይደርሳቸውም፤ የተነፈሱት አየር ግን አንድ ነበር።

በሩ ጨርሶ ተዘግቶ አልኖረም። በ1977 የወጣ ሕግ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጦር አውሮፕላን ላበረሩ ሲቪል ሴቶች የዘማችነትን መብት ሲሰጥ ሌሎች ሲቪል ቡድኖችም ለመከላከያ ሚኒስቴር እንዲያመለክቱ ፈቅዷል። በዚያው መንገድ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ ውስጥ የጦሩን ስልክ ያገናኙ የነበሩት ሴቶች በ1979 እውቅና አገኙ፤ ስድሳ ዓመት ቆይቶ፣ አብዛኞቹ ካረፉ በኋላ። መመዘኛው ግን ቡድኑ ምን ያህል በጦር ዲሲፕሊንና ትእዛዝ ሥር ነበር የሚል ነው፤ የቀይ መስቀል ሴት ደግሞ ሥራዋን ትታ ወደ አገሯ መመለስ የምትችል ሲቪል ነበረች። እኔ በበኩሌ ይህ መመዘኛ ለሕግ ባለሙያ ትክክል፣ ለታሪክ ሰው ደግሞ እጅግ ጠባብ ነው እላለሁ።

ጥበቱን ለማየት ኖርማንዲ ላይ ያለውን የአሜሪካውያን መቃብር መመልከት ይበቃል። ከ9,000 በላይ መቃብሮች መካከል የሴቶች የሆኑት አራት ብቻ ናቸው። ሦስቱ የ6888ኛው የፖስታ ሻለቃ አባላት ናቸው፤ በ1945 በርሚንግሃም ላይ እስከ ጣሪያ የተከማቸውን የወታደር ደብዳቤ ስድስት ወር ይፈጃል በተባለበት በሦስት ወር ለባለቤቱ ያደረሱት፣ ከ850 በላይ ጥቁር አሜሪካውያት ሴቶች የነበሩበት ሻለቃ። መፈክራቸውም ደብዳቤ ከሌለ ሞራል ይወድቃል የሚል ነበር። አራተኛዋ የክለብሞቢሏ ኤልዛቤት ሪቻርድሰን ናት፤ የኢንዲያና ልጅ፣ በሐምሌ 25 ቀን 1945 ወደ ፓሪስ ስትበር በሩዋን አቅራቢያ አውሮፕላኗ ተከስክሶ በ27 ዓመቷ ሞተች። አራቱም ያረፉት በአንድ ሣር ሥር ነው፣ አራቱም የሠሩት ለወታደሩ ሞራል ነው። ሦስቱ በሕግ ወታደሮች ናቸው፤ አራተኛዋ ሲቪል። የፖስታዎቹም ቢሆኑ የኮንግረስን የወርቅ ሜዳልያ ያገኙት በ2022 በወጣ ሕግ ነው፤ ወታደር መሆን ብቻውን ቶሎ አያስታውስም ማለት ነው።

ዋሽንግተን ላይ ባለው የቬትናም መታሰቢያ ጥቁር ግንብ የተቀረጹት የሴት ስሞች ስምንት ናቸው፤ ስምንቱም የጦሩ ነርሶች። ሦስቱ የቀይ መስቀል ልጆች እዚያ የሉም። ነገር ግን ከግንቡ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ሦስት ሴቶችና አንድ ቁስለኛ ወታደር የሚታዩበት የነሐስ ሐውልት አለ። የቀድሞዋ የጦር ነርስ ዳያን ካርልሰን ኤቫንስ ለዓመታት ታግላ፣ ግሌና ጉድኤከር ቀርጻው በኅዳር 11 ቀን 1993 ተመረቀ። ዶናት ዶሊዎቹም በየዓመቱ በዘማቾች ቀን እዚያ ይሰባሰባሉ። ከሜሪላንድ ሩቅ አይደለም። ጤናቸው ከፈቀደና ቤተሰባቸው ከተስማማ ከግንቡ ይልቅ መጀመሪያ ወደ ሐውልቱ ይውሰዷቸው።

ልጠይቃቸው ወይ ላሉት፣ ይጠይቋቸው። ግን «ጦርነቱ እንዴት ነበር?» ብለው አይጀምሩ፤ ለዚህ ጥያቄ «ተጫወትን እንጂ» የሚል ዝግጁ መልስ እንዳላቸው አይተዋል። ስለ እጅ ሥራቸው ይጀምሩ። ካርቶኑን በምን ቀለም ነበር የምትቀቡት? የትኛው ጨዋታ ነው የተወደደላችሁ? አብራችኋት የምትጓዙት ጓደኛ ማን ነበረች? ምድባችሁ የት ነበር፣ ቹ ላይ ወይስ አን ኬ? የቦታውን ስም ከእርስዎ አፍ ሲሰሙ ብዙ ነገር ይከፈታል፤ ለሃምሳ ዓመት ያንን ስም የሚያውቅ ሰው ቤታቸው አልመጣ ይሆናል። የማይመልሱት ነገር ካለ ይተዉት፣ ቡናዎን አፍልተው አብረው ይጠጡ። ከወሬው በኋላ እንቅልፍ ቢያጡ ወይም ቢረበሹ ለቤተሰባቸውና ለሚከታተሏቸው ሐኪም ይንገሩ፤ ከእነዚህ ሴቶች መካከል ከጦርነት የተመለሰ ወታደር የሚደርስበት ዓይነት የመንፈስ ጭንቀት ለዓመታት የተከተላቸው አሉ፣ ለራሳቸው ግን «እኔ ምን አየሁና» እያሉ ሕክምና ሳይጠይቁ የቀሩ።

ታሪካቸው እንዲቀመጥ ከፈለጉ ሉቦክ በሚገኘው ቴክሳስ ቴክ ዩኒቨርሲቲ የቬትናም ማዕከልና ቤተ መዛግብት ወታደር ያልነበሩትንም ትዝታ በድምፅ ይቀርጻል። ውሳኔው ግን የእሳቸውና የልጆቻቸው ነው። እርስዎ ተንከባካቢ ስለሆኑ ፎቶግራፉንም ስማቸውንም ያለ ፈቃድ ለማንም አይላኩ፤ ለእኔም ጭምር።

ባንዲራውን በተመለከተ፣ ድርጅታችሁ የሚያድለው በመንግሥት የዘማቾች ዝርዝር መሠረት ይመስለኛል፤ ክፋት ሳይሆን ልማድ ነው። ትንሽ ባንዲራ ለማን እንደሚሰጥ የሚወስን ሕግ ግን የለም። ለሥራ አስኪያጁ አስቀድመው ይንገሩ፤ «ቬትናም፣ የአሜሪካ ቀይ መስቀል» የሚል አንድ መስመር በፕሮግራሙ ላይ ይበቃል። እሳቸውንም አስቀድመው ይጠይቋቸው፤ በሰው ፊት መጠራት የማይወዱ ሊሆኑ ይችላሉ። ፎቶግራፉን ደግሞ ፈቅደውልዎት ከግድግዳው ካወረዱት ጀርባውን ይመልከቱ። የዚያ ዘመን ሰው ቦታውንና ቀኑን፣ አንዳንዴም የቆሙትን ልጆች ስም፣ በእርሳስ ይጽፍ ነበር።